ግሪን ካርዱ ገና አልደረሰም፣ ቀጣሪው ደግሞ «ካርድህን አምጣ» ይላል

ጥያቄ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ፔዳ አካባቢ ትንሽ የፎቶ ኮፒና የጽሕፈት ቤት አለችኝ። ዲቪ ሲከፈት የሰፈሩ ሰው ግማሹ እኔ ጋ ነው የሚሞላው። የታናሽ ወንድሜንም የሞላሁለት እኔው ነኝ፤ እሱማ «ባክሽ ተይኝ፣ ለኔ አይወጣም» እያለ ጎትቼ ነው ፎቶ ያስነሣሁት። ወጣለት። ኢንተርቪውን አለፈ፣ ቪዛውም ተመታለት፣ ሄደ። አሁን ሜሪላንድ የአክስታችን ልጅ ቤት ነው ያለው።

እስከዚህ ድረስ ደስ ይላል። ከዚያ አንድ ትልቅ መጋዘን ውስጥ ዕቃ የመለየት የሌሊት ሥራ አገኘ፣ የሚጀምርበት ቀን ሁሉ ተነገረው። ቢሮ ያለችው ሴትዮ ግን ግሪን ካርድህን አምጣ አለችው። «ገና በፖስታ እየመጣ ነው፣ ፕሮሰስ ላይ ነው» አላት። «እንግዲያው ሲመጣልህ ና» ብላ ሸኘችው። ከሄደ ሁለት ወር ሊሞላው ነው፣ ካርዱ የለም። ቦታውን ለሌላ ሰው ይሰጡብኛል ብሎ እንቅልፍ አጥቷል፤ የሱ እኩለ ሌሊት የኔ ጠዋት ስለሆነ ገና ሱቄን ስከፍት በቴሌግራም ይደውላል።

የባሰው ደግሞ አሁን መጣ። የአክስታችን ልጅ «ምን ያስጨንቅሃል፣ ካርድህ እስኪመጣ በኔ ሶሻል ግባ፣ ስንቱ እንዲህ ነው የጀመረው» አለው። ሶሻል የሚሉት ለሥራና ለታክስ የሚጠየቀውን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር ነው። ክፉ ሰው አይደለም፤ ቤቱን ከፍቶ ያስጠለለው እሱ ነው። ወንድሜም እምቢ ብለው ይቀየመኛል ብሎ ፈርቷል። ሌላ ጓደኛው ደግሞ «ፎርሙ ላይ ዜጋ ነኝ ብለህ ሙላ፣ ማን ያየዋል» ብሎታል።

እኔም አልዋሽም፣ ቸኩያለሁ። ለትኬቱ ብዬ ዕቁቤን ተራዬ ሳይደርስ ለምኜ ነው የወሰድኩት፤ አሁን ክፍያው በየሳምንቱ አለ። ክረምት ነው፣ ተማሪ ስለሌለ ማሽኑም ቆሟል። እናታችን ደግሞ ጊዮርጊስ ስታስቀድስ ላገኘችው ሁሉ «ልጄ ሥራ ጀመረ» ብላ አውርታ ጨርሳለች።

ካርዱ ሳይመጣ መሥራት ይችላል ወይስ አይችልም? ከቻለስ ለሴትዮዋ ምን ያሳያት?

የፎቶ ኮፒዋ እህት፣ ከባሕር ዳር

መልስ

እህቴ፣ ይችላል። እንዲያውም አሜሪካ ገብቶ ኤርፖርት ላይ ፓስፖርቱ ማኅተም ካረፈበት ሰዓት ጀምሮ ይችል ነበር።

ወንድምሽ በዲቪ ቪዛ ሲገባ ቋሚ ነዋሪ ሆኖ ነው የገባው። በፖስታ የሚጠብቀው ፕላስቲኩን ብቻ ነው። አንቺ ባንክ ሄደሽ ሒሳብ ብትከፍቺ ኤቲኤም ካርዱ እስኪታተም ድረስ ብርሽ የለም አይባልም አይደል? እሱ ግን «ፕሮሰስ ላይ ነው» ሲላት ሴትዮዋ የሰማችው «የሥራ ፈቃዴ ገና አልወጣም» የሚል ነው። እንደዚያ ከሰማች ደግሞ ሲወጣልህ ና ማለቷ አይገርምም። ስለዚህ ከአሁን በኋላ ፕሮሰስ የምትለው ቃል ከአፉ አትውጣ። «ፐርማነንት ሬዚደንት ነኝ፣ ማስረጃዬ ፓስፖርቴ ላይ ነው» ይበል፣ በቃ።

አሁን ሲደውልልሽ ፓስፖርቱን ቪዛው የተለጠፈበት ገጽ ላይ ይግለጠው። በትልልቅ ፊደል የተጻፈ ረዘም ያለ የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር ያገኛል፤ ውስጡ «ቴምፖራሪ አይ-551» የሚል አለበት። አይ-551 የሚሉት ራሱን ግሪን ካርዱን ነው። የዓረፍተ ነገሩም ሐሳብ ይህ ቪዛ የመግቢያ ማኅተም ሲያርፍበት ለአንድ ዓመት እንደ ጊዜያዊ ግሪን ካርድ ያገለግላል የሚል ነው። ዓመቱ የሚቆጠረው ከገባበት ቀን ነው። የገባበት ቀን ያለው ማኅተም በደንብ መነበቡንም ይይ።

እዚያ አገር አዲስ ሠራተኛ ሁሉ አይ-9 የሚባል ፎርም ይሞላል። በ1986 እ.ኤ.አ. የወጣ ሕግ ያመጣው ነው፤ ዜጋውም ስደተኛውም አይቀርለትም። የመጀመሪያውን ክፍል ሠራተኛው ራሱ ቢዘገይ ሥራ በጀመረበት ቀን ይሞላል፣ ቀጣሪው ደግሞ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ ማስረጃውን አይቶ ሁለተኛውን ክፍል ይሞላል። ከፎርሙ ጋር ተቀባይነት ያላቸው ማስረጃዎች ዝርዝር አብሮ አለ። «ሊስት ኤ» በሚለው ሥር ከግሪን ካርዱ ጋር እኩል የተቀመጠ አንድ ነገር አለ፦ ያ ጽሑፍ ያለበት ቪዛ የተለጠፈበት የውጭ አገር ፓስፖርት። ወንድምሽ እጅ ላይ ያለው ማለት ነው። ሌላ ምንም መጨመር የለበትም።

ከዝርዝሩ ውስጥ የትኛውን እንደሚያሳይ የሚመርጠው ደግሞ ሠራተኛው ነው። ቀጣሪ «ግሪን ካርድ ካልሆነ አልቀበልም» ማለት አይችልም፤ 4 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ድርጅት በስደተኝነቱ ምክንያት አንድን ሰው የተለየ ወረቀት ቢያስገድድ በሕግ ያስጠይቀዋል። ይህን የምነግርሽ ሄዶ እንዲጨቃጨቅ አይደለም። ዝርዝሩን አትሞ (ማተሙን ለአንቺ አልነግርሽም) መስመሩን በእስክሪብቶ አስምሮ፣ ከፓስፖርቱ ጋር ጠረጴዛዋ ላይ በትሕትና ያስቀምጥላት። ከመቶ ዘጠናው ጊዜ ነገሩ እዚያው ያልቃል። እምቢ ካለች የበላይዋን ይጠይቅ። እሱም እምቢ ካለ የአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ውስጥ የስደተኛ ሠራተኞችን መብት የሚያይ ክፍል አለ፤ በነፃ ይደወላል፣ አስተርጓሚም ያቀርባሉ።

ፎርሙ ላይ አራት ሣጥኖች አሉ። እሱ የሚያደርገው ሦስተኛው ላይ ነው፣ ቋሚ ነዋሪ የሚለው ላይ። አጠገቡ የኤ ቁጥር፣ ማለትም የስደተኛ መለያ ቁጥሩ፣ ይጠየቃል፤ ያም ቪዛው ላይ «ሬጅስትሬሽን ነምበር» በሚለው አጠገብ አለ፣ ኤ በምትለው የእንግሊዝኛ ፊደል ይጀምራል።

የመጀመሪያውን ሣጥን፣ ዜጋ ነኝ የሚለውን፣ እንዳይነካ። ጓደኛው «ማን ያየዋል» ያለው ነገር ሰውን ከአገር ያስባርራል። ዜጋ ሳይሆኑ ለሥራ ብሎ ዜጋ ነኝ ማለት በስደተኛ ሕጉ ውስጥ ይቅርታ ከማይገኝላቸው ጥፋቶች አንዱ ነው ማለት ይቻላል። ከዓመታት በኋላ ዜግነት ሲያመለክት ይኸው ወረቀት ፊቱ ላይ ይመጣል። ሕጋዊ ሰው በገዛ እጁ ሕገ ወጥ ሲሆን ከማየት የበለጠ የሚያበሽቀኝ ነገር የለም፣ ያውም ሊስቱ ላይ ያለ ወረቀት ኪሱ ውስጥ እያለ!

የአክስት ልጁም ሐሳብ ያው ነው። በሰው ሶሻል መግባት ወንጀል ነው፣ ለሁለቱም። ግን ቅያሜው እንደሚያስፈራው ይገባኛል፤ በሰው ቤት እየኖሩ «አንተ ወንጀለኛ ልታደርገኝ ነው» አይባልም። እንዲህ ይበለው፦ «የኔ ደሞዝ በስምህ ሲመዘገብ ያልበላኸው ገንዘብ ታክስ አንተ ላይ ይመጣብሃል፣ ይህን ዕዳ አላሸክምህም።» ይህ ሰበብ ብቻ አይደለም፣ እውነትም እንደዚያ ነው። ደሞዙ ለታክስ መሥሪያ ቤት የሚነገረው በሶሻሉ ባለቤት ስም ነው። እንዲህ ሲባል የሚቀየም ዘመድ አላየሁም።

ስለራሱ ሶሻል፦ የቪዛውን ፎርም ስትሞሉ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ይላክልኝ የሚለውን «አዎ» ብላችሁት ከሆነ በፖስታ መምጣት አለበት። ካልመጣ እስኪመጣ አይጠብቅ፤ ፓስፖርቱን ይዞ አቅራቢያው ያለ የሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ይሂድ። አንዳንድ ቀጣሪዎች መረጃውን ኢ-ቬሪፋይ በሚባለው የመንግሥት የኢንተርኔት ማጣሪያ ያጣራሉ፣ ለዚያ ቁጥሩ ያስፈልጋል፤ ቢሆንም አመልክቶ እየጠበቀ ያለ ሰው ቁጥሩ እስኪመጣ ሥራውን መጀመር ይችላል። ሶሻሉ ከደረሰው ደግሞ ሌላም በር ይከፈትለታል፦ የሜሪላንድ መታወቂያ ካወጣ ሶሻል ካርዱና መታወቂያው ሁለቱ አንድ ላይ ለአይ-9 ይበቃሉ፣ ያለ ግሪን ካርድ።

ካርዱስ ለምን ዘገየ? አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ የስደተኛ ክፍያውን ከፍላችኋል? ከሜዲካሉና ከኢንተርቪው ክፍያ ሌላ ማለቴ ነው፤ በኢንተርኔት ለዩኤስሲአይኤስ፣ ግሪን ካርዱን ለሚያወጣው የአሜሪካ የዜግነትና የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የሚከፈለው 235 ዶላር። ብዙ ሰው ይረሳዋል፣ ካልተከፈለ ደግሞ ካርዱ ጭራሽ አይታተምም። ከተከፈለ ከገባበት ወይም ከተከፈለበት ቀን፣ ከሁለቱ ከዘገየው ጀምሮ እስከ 90 ቀን መጠበቅ ያለ ነው። አድራሻም ይይ። አፓርታማው የፖስታ ሣጥን ላይ ያለው የአክስት ልጁ ስም ብቻ ከሆነ የራሱንም ስም በወረቀት ጽፎ ይለጥፍበት፤ ፖስተኛው የማያውቀውን ስም ይዞ ሊመለስ ይችላል። ቤት ከቀየረም በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻ ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ ግዴታ ነው።

በነገራችን ላይ ይህን አንብቦ «ለኔም ይሠራል» የሚል ይኖራል፣ ለሁሉም አይሠራም። ጥገኝነት ጠይቆ ወርክ ፐርሚት (የሥራ ፈቃድ ካርድ) የሚጠብቅ ሰው የማመልከቻውን ደረሰኝ ለአይ-9 ማሳየት አይችልም፤ ካርዱ መውጣት አለበት። ለሚያሳድሱት ቀድሞ ደረሰኙ የድሮውን ካርድ እስከ 540 ቀን ያራዝምላቸው ነበር። ከጥቅምት 30 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ላመለከቱት ግን፣ ከጥቂቶች በቀር፣ ያ ቀርቷል። እንዲህ ያለ ጉዳይ ያለው ሰው ከኔ አምድ ይልቅ የስደተኛ ጉዳይ ጠበቃ ይጠይቅ።

አንቺ ደግሞ የቪዛውን ገጽ ፎቶ ለአንቺ ይላክልሽ እንጂ «የዲቪ ጉዳይ እናፋጥናለን» በሚሉ የቴሌግራም ግሩፖች ላይ እንዳትለጥፊው። ካርዱን የሚያፋጥን ደላላ የለም።

የዕቁቡን ነገር ከዳኛው ጋር አሁኑኑ ተነጋገሪበት። ወንድምሽ ነገ ቢጀምር እንኳ የመጀመሪያው ክፍያ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው፣ እሱም ታክስ ተቆርጦለት። ከዚያ የቤት ኪራይ ድርሻውን ሲከፍል ለአንቺ የሚተርፈው እናታችሁ ቤተ ክርስቲያን ያወሩትን ያህል አይሆንም። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹን ወራት መዋጮ ሱቅሽ በሚችለው ልክ አድርገሽ ተነጋገሪ።