«ካታስትሮፊክ» ስንል ምን ማለታችን ነው? የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ሰሞኑን ከደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሚያጠነጥኑት «ካታስትሮፊክ» በሚለው የእንግሊዝኛ ቅጽል ላይ በመሆኑ፣ የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእርሱ ሰጥቼዋለሁ።

«መዝገበ ቃላቴ ‹አስከፊ› ብሎ ያልፈዋል። በቃ ይኸው ነው?»

«አስከፊ» ስሕተት ባይሆንም የቃሉን ግማሽ ያስቀራል። መነሻው ግሪክኛ ሲሆን፣ «ካታ» ወደ ታች፣ «ስትሬፌይን» ደግሞ ማዞር ማለት ስለሆነ፣ ሁለቱ ሲጣመሩ መገልበጥ የሚል ሐሳብ ይሰጣሉ። ስሙ፣ ማለትም «ካታስትሮፊ»፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ የተውኔት ሙያ ቃል ነበር፤ የታሪኩ ቋጠሮ ተፈትቶ ነገሩ ሁሉ የሚገለበጥበትን የመጨረሻውን ክፍል ያመለክት ነበር። ዛሬም ቢሆን በቃሉ ውስጥ ከክፋቱ መጠን ይልቅ ጎልቶ የሚሰማኝ ይኸው መገልበጡ ነው፤ የተገለበጠ ነገር እንደነበረ አይመለስምና።

«ዜና እተረጉማለሁ። ‹ዲዛስትረስ›፣ ‹ዴቫስቴቲንግ›፣ ‹ካላሚተስ›፣ ‹ካታክሊዝሚክ› እና ‹ካታስትሮፊክ› ሲቀያየሩ አያለሁ። ልዩነት አላቸው?»

አላቸው፤ ጋዜጠኞች ግን ሁልጊዜ አይጠብቁትም። «ዲዛስትረስ» ከሥሩ ሲታይ ከክፉ ኮከብ ጋር የተያያዘ ቃል ሲሆን፣ ከሁሉም ለዕለት ተዕለት ንግግር የሚቀርበው እርሱ ነው፤ የከሸፈ ጉባኤም ሆነ ያልተሳካ እራት «ዲዛስትረስ» ሊባል ይችላል። «ዴቫስቴቲንግ» ባዶ ማድረግ፣ ማውደም ከሚል የላቲን ግሥ የመጣ ስለሆነ «አውዳሚ» በደንብ ይገልጸዋል። ነገር ግን ሰው የቅርብ ዘመዱ መሞቱን ሲሰማ ዜናው «ዴቫስቴቲንግ» ነበር ሊል ይችላልና፣ እዚያ ላይ «አውዳሚ» ብሎ መተርጎም አንባቢን ያስቃል፤ «ልብ የሚሰብር» ይሻላል። «ካታክሊዝሚክ» የጎርፍ ትርጉም ካለው የግሪክኛ ቃል ይመጣል፤ በግሪክኛው ብሉይ ኪዳን የኖኅ ዘመን የጥፋት ውኃ የተጠራው በዚሁ ስም ነው፤ ስለዚህ ለእሳተ ገሞራና ለዓለም ጦርነት እንጂ ለፈተና ውጤት አይሆንም። «ካላሚተስ» መቅሠፍትን የሚያመለክት የመጽሐፍ ቃል ነው፤ በንግግር እምብዛም አይሰማም።

ልዩነቱ ከስሜት አልፎ ሥርዓት የሆነበትን ቦታ ማየት ከፈለጉ የአውሎ ነፋስን ደረጃ የሚለካውን የሳፊር ሲምፕሰን መለኪያ ይመልከቱ። በሰዓት ከ178 እስከ 208 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው የ3ኛ ደረጃ አውሎ ነፋስ የሚያደርሰው ጉዳት «ዴቫስቴቲንግ» ተብሎ ሲገለጽ፣ ከ209 ኪሎ ሜትር ጀምሮ ያሉት 4ኛና 5ኛ ደረጃዎች ግን «ካታስትሮፊክ» ይባላሉ። እዚህ ሁለቱን ቃላት «ከባድ» ብሎ በአንድ ቃል የሚተረጉም ሰው አንድ የማስጠንቀቂያ ደረጃ ሰርዟል ማለት ነው።

«ታይታን የተባለችው ሰርጓጅ መርከብ ስትጠፋ ባለሥልጣናቱ ‹ካታስትሮፊክ› ማለታቸው ሐዘናቸውን ለመግለጽ ነበር?»

አልነበረም። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2023 አምስት ሰዎችን አሳፍራ የጠፋችው ሰርጓጅ ስብርባሪ በተገኘ ጊዜ፣ የአሜሪካ የባሕር ዳርቻ ጥበቃ ኃላፊ የተናገሩት የምሕንድስናን ቋንቋ ነው። በምሕንድስና «ካታስትሮፊክ» ብልሽት ማለት ቀስ እያለ የሚያረጅ ወይም በከፊል የሚሠራ ነገር ሳይሆን፣ በድንገትና ሙሉ በሙሉ ከጥቅም ውጪ የሚሆን ነገር ነው። ሰው የማይጎዳበት ብልሽት እንኳ በዚህ ስም ሊጠራ ይችላል፤ በቤተ ሙከራ ውስጥ ሆን ተብሎ እየተሳበ በቅጽበት ለሁለት የሚበጠስ ብረት «ካታስትሮፊክ» በሆነ መንገድ ተሰበረ ይባላል፤ የሚያለቅስለት ግን የለም። ስለዚህ በቴክኒክ ዘገባ ውስጥ «ድንገተኛና ሙሉ» የሚለው «አሳዛኝ» ከሚለው ይልቅ ለቃሉ ታማኝ ነው።

«‹ቬሪ ካታስትሮፊክ› ማለት ይቻላል?»

ጥሩ እንግሊዝኛ አይደለም። ቃሉ ራሱ ጫፍ ላይ የቆመ ስለሆነ «በጣም» አይጨመርለትም፤ እኔም በተማሪነቴ ጽፌው፣ አራሚዬ «ከዚህ ወዲያ ወዴት ይሄዳል?» የሚል ማስታወሻ ጽፎ መልሶልኛል። ማጠንከር ያስፈለገ እንደሆነ «አብሶሉትሊ» (ፍጹም)፣ ገና ያልደረሰ አደጋ ከሆነ ደግሞ «ፖቴንሻሊ» (ሊሆን የሚችል) ይቀድመዋል።

«ልጄ ከመቶ 82 አምጥታ ‹ካታስትሮፊክ› ነው አለችኝ። ላርማት?»

ቀልድ ከሆነ ይተዉአት፤ ማጋነን በየቋንቋው ያለ ነው፤ እኛም «ሞትኩ» እያልን በሕይወት አለን። የምሯን ከሆነ ግን እንግሊዝኛ ለዚህ ጠባይ ከዚያው ቃል የወጣ ግሥ አለው። ትንሹን እክል የሁሉ ነገር መጨረሻ አድርጎ ማሰብ «ካታስትሮፋይዚንግ» ይባላል፤ ቃሉን በሥነ ልቡና ሕክምና ውስጥ ካስለመዱት መካከል አሜሪካዊው አልበርት ኤሊስ ይገኙበታል። ለውጤቷ የሚስማማው ቃል «ዲስአፖይንቲንግ» (ቅር የሚያሰኝ) ነው፤ እርሱም ቢሆን ለ82 ይበዛል ባይ ነኝ።

«የምግብ ዋስትና ዘገባዎች ላይ ያለውን ‹ካታስትሮፊ› ረሃብ ብዬ ልተርጉመው?»

እባክዎ አይተርጉሙት። የምግብ እጥረትን በአምስት ደረጃ የሚመድበው ዓለም አቀፍ መለኪያ የመጨረሻውን፣ 5ኛውን ደረጃ፣ በሁለት ስም ይጠራዋል፤ ስለ ቤተሰብ ሲሆን «ካታስትሮፊ»፣ ስለ አካባቢ ሲሆን «ፋሚን»። አንድ አካባቢ በ«ፋሚን» እንዲመደብ ቢያንስ 20 በመቶ የሚሆኑት ቤተሰቦች ለከፋ የምግብ እጦት መዳረጋቸው፣ ከሕፃናቱ ቢያንስ 30 በመቶ የሚሆኑት በአጣዳፊ የምግብ እጥረት መጎዳታቸውና በየቀኑ ከ10,000 ሰዎች ቢያንስ ሁለቱ በዚሁ ሳቢያ መሞታቸው ይታያል። ስለዚህ ብዙ ሺህ ሰዎች በ«ካታስትሮፊ» ውስጥ እያሉ አካባቢው «ፋሚን» ያልተባለበት ዘገባ ሊያጋጥምዎ ይችላል። «ረሃብ» የሚለውን ለ«ፋሚን» ያስቀምጡትና፣ ለቤተሰቦቹ «የመጨረሻው የምግብ እጦት ደረጃ፣ 5ኛ ደረጃ» ብለው ቁጥሩን አብረው ይጻፉ።