ካርቶኑን እንዳታስጥለው! (ለክሬን ሞዴል ጠያቂው)

ወንድሜ ትናንት ማታ የለጠፍከውን አየሁት፣ "1 ለ50 የሆነ ክሮለር ክሬን ሞዴል ጀርመን ያለ ዘመድ በሻንጣ ሊያመጣልኝ ነው፣ ካርቶኑ ትልቅ ሆነበት ምን ይሻላል፣ ወይስ በፖስታ ይምጣልኝ፣ ደግሞስ ለጀማሪ መገጣጠሙ ይከብዳል ወይ" ያልከውን። (ለማያውቅ፣ ክሮለር ማለት በጎማ ፋንታ በሰንሰለት የሚሄደው ነው፣ 1 ለ50 ደግሞ ርዝመቱ ከዋናው ማሽን 50 ጊዜ ያነሰ ማለት ነው።) ኮመንት ላይ ሦስት አራት ሰው "አውጥቶ በልብስ ይጠቅልለውና ካርቶኑን ይጣለው" ብሎሃል። በፈጠረህ አትስማቸው። እኔ ይሄንኑ አድርጌ ስምንት ወር ተቃጥያለሁ፣ ስለዚህ ቢረዝምብህም ታግሰህ አንብበው።

1. ካርቶኑ አይጣል፣ ፎሙም አይጣል። የኔ ኤልአር 1600 ነው፣ ዋናው ማሽን 600 ቶን የሚያነሳው የክሬን ፋብሪካው የሊብሄር ባለ ሰንሰለት። ሥራዬም ክሬን ነው፣ በሪገርነት (ጭነት አሳሪነት) ጀምሬ አሁን ኦፕሬተር ነኝ፣ 14 ዓመት ሆነኝ፣ እና ይሄን ማሽን ቤቴ ማስቀመጥ የቆየ ምኞቴ ነበር። የእህቴ ልጅ ከፍራንክፈርት ሲመጣ ገዝቶ ያዘልኝ፣ ለመምጣት ሁለት ቀን ሲቀረው ደውሎ "አጎቴ ሻንጣው አልዘጋ አለኝ" አለኝ፣ እኔ ነኝ በአፌ "ካርቶኑን ጣለው፣ ብረቱን በሹራብ ጠቅልለህ አምጣው" ያልኩት። ልጁ ምንም ጥፋት የለበትም፣ ያልኩትን ነው ያደረገው።

ቦሌ ተቀብዬው ቤት ገባን፣ ራት እንኳን ሳይቀርብ ጠረጴዛው ላይ ነጭ አንሶላ አነጠፍኩና አንድ በአንድ ደረደርኩ። ካቢኑ አለ፣ ሰንሰለቱ አለ፣ ካውንተር ዌይቱ (ከኋላ የሚጫነው ማመጣጠኛ ክብደት) አለ፣ የቡሙ (የረጅሙ ክንድ) ቁርጥራጮች በሙሉ አሉ። ፑሊዎቹ፣ ክሩ የሚዞርባቸው ትንንሽ ጎማዎች፣ የሉም። ፒኖቹ፣ ቁርጥራጮቹን የሚያያይዙት ቀጫጭን ዘንጎች፣ የሉም። የመገጣጠሚያው ወረቀት የለም። ለካ ነጩ ፎም ሁለት ድርብ ነው፣ ከታችኛው ሥር ጥግ ላይ ጠባብ ጉድጓድ አለች፣ ፑሊና ፒኖቹ ያሉባት ትንሽ ላስቲክ እዛ ውስጥ ነው የምትቀመጠው፣ ፎሙን ገልብጠህ ካላየህ አትታይም። ያንተም እንደዛው ሊሆን ይችላል። ልጁ ወዲያው አከራዩ ጋ ደወለ፣ ቆሻሻው ጠዋት ተነስቷል አሉት።

ከዛ የሸጠልን ሱቅ ጋ መጻጻፍ ጀመርን። ስሙን አልጠራም፣ ግን ሰባት ኢሜይል ነው የላክነው፣ ደረሰኙን ፎቶ አንስተን፣ የጎደለውን በቀይ አክብበን፣ ዋጋውን ንገሩን እንከፍላለን ብለን። ለስድስቱ መልስ የለም። ለሰባተኛው አንድ መስመር መጣ፣ መለዋወጫ ለብቻው አንሸጥም፣ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ከሌለም ምንም ማድረግ አንችልም አሉ። ሰው ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ አንድ እፍኝ የማይሞላ ፑሊ ይነፈጋል? እስካሁን ይቆጨኛል።

ስምንት ወር መደርደሪያ ላይ ቡሙ ያልቆመለት ክሬን ሆኖ ተቀመጠ። በመጨረሻ መርካቶ ቶርኖ ቤት ያለው ጓደኛዬ ጋ ሄድኩ። ሥዕሉን ራሴ በካሊፐር ለክቼ ሠራሁ፣ እሱ ከናስ ዘንግ ላይ ስምንት ፑሊ ቆረጠልኝ፣ ለሁኩ (ለመንጠቆው) አራት፣ ለቡሙ ጫፍ አራት፣ እያንዳንዱ 9 ሚሊ፣ መሀሉ ክሩ የሚሄድበት ቦይ አለው። ፒኖቹን ከመርፌ ቁልፍ ቆርጬ በሞረድ አስተካከልኳቸው። ዛሬ እጅህን ሁኩ ላይ አድርገህ ብትስበው ስምንቱም ይዞራሉ። የኔ ናስ ነው።

ስለዚህ ለዘመድህ ንገረው፣ ካርቶኑ ሻንጣ ውስጥ ካልገባ ለብቻው አስሮ ያስጭነው። እሱም ካልሆነ ካርቶኑን ብቻ ይተወው፣ ቁጥሩ ያለበትን ጎን ግን ቆርጦ ይያዘው፣ ፎሙ ከነሞዴሉ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይምጣ።

2. ክሩ፣ የክሬኑ ገመድ ማለት ነው። ጀማሪ የሚማረርበት እሱ ነው እንጂ ሌላው ቀላል ነው። በመጀመሪያ ቦታህን ለካ፣ 60 ሜትር ቡም በ1 ለ50 ሲሆን 1 ሜትር ከ20 ነው፣ ከፍ ያለ መደርደሪያ ላይ ካወጣኸው ጣሪያ ሊነካብህ ይችላል። (ለመጠኑ እንዲገባህ፣ የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንፃ ከ200 ሜትር በላይ ነው፣ በዚህ ስኬል ቢሠራ ከ4 ሜትር ያልፋል።) አሁን ክሩን አስላ፣ ሁኩን በስምንት መስመር የምታስረው ከሆነ (ከቡሙ ጫፍ እስከ ሁኩ ስምንት ክር ጎን ለጎን ይወርዳል ማለት ነው) ስምንት ጊዜ 1 ሜትር ከ20 ወደ 10 ሜትር ይጠጋል፣ ከቡሙ ጫፍ እስከ ዊንቹ (ክሩ የሚጠቀለልበት) የሚመለሰው ሌላ 1 ሜትር ከ20፣ ዊንቹ ላይ የሚጠመጠም ትንሽ ጨምርበት፣ 13 ሜትር ቁረጥ። እኔ በግምት 6 ሜትር ቆርጬ ሌሊቱን ሙሉ ሳስገባ አድሬ አራተኛው መስመር ላይ አለቀብኝ፣ ሁሉንም ፈታሁት።

መስመሩ ሙሉ ቁጥር ከሆነ (4፣ 6፣ 8) የክሩ ጫፍ የሚታሰረው ቡሙ ላይ ነው፣ ጎደሎ ከሆነ (3፣ 5፣ 7) ሁኩ ላይ። ሳይት ላይም ሕጉ ይሄው ነው፣ ሪገር የሆነ ሰው ፎቶህን ቢያይ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ክሩን ከማስገባትህ በፊት በሻማ ወይ በሰም ሁለቴ ሳበው፣ ጸጉሩ ይተኛል። ጫፉን በሱፐር ግሉ ንካው፣ ሲደርቅ እንደ መርፌ ይጠነክርልሃል፣ በወረንጦ ይዘህ ታሾልከዋለህ። ደግሞ የሞዴሉ ሁክ ቀላል ስለሆነ ክሩን አይወጥረውም፣ እኔ ውስጡ የዓሣ ማጥመጃ እርሳስ (ከባዱን ብረት) ጨመርኩበትና ቀጥ አለ።

3. ሱፐር ግሉ ካልኩ አይቀር፣ ካቢኑ አጠገብ እንዳታደርሰው። ጭሱ መስታወቱን ነጭ ያደርገዋል፣ በቀላሉ አይለቅም። መስታወት በነጩ የእንጨት ኮላ ነው የሚጣበቀው፣ ሲደርቅ ጥርት ይላል። እና ቡሙን ከማንሳትህ በፊት ካውንተር ዌይቱን ጫን፣ ልክ እንደ ዋናው ማሽን ነው፣ ያለ ክብደት ካነሳኸው በአፍጢሙ ይደፋል።

በፖስታ ይምጣልኝ ወይ ላልከው፣ ሁለተኛውን ሞዴሌን፣ ባለ ጎማውን፣ በዛ መንገድ ነው ያስመጣሁት። ኢንቮይሱ ላይ "ሊብሄር ሞባይል ክሬን" ብቻ ተብሎ ተጽፏል። ዕቃ የምረከብበት ቢሮ ያለው ሰውዬ ወረቀቱን አይቶ የማሽነሪ ማስገቢያ ፈቃድና የሻንሲ ቁጥር አምጣ አለኝ። ጌታዬ ካርቶኑ ይኸው፣ በሁለት እጅ የሚያዝ ነው ብለው አያይም፣ ወረቀቱ ክሬን ይላል፣ ክሬን ነው። ሦስት ቀን ከሥራ ቀርቼ ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን አለቃው ክፈቱት አለ፣ ሰውዬው በቢላ ቀዶ አወጣውና ባንኮኒው ላይ እንደ ጡብ ወረወረው፣ የግራ ስፖኪዮው ተሰበረ። ይቅርታ እንኳን አላለም። አንተ ሻጩን ኢንቮይሱ ላይ የማሳያ ሞዴል መሆኑን፣ ስኬሉንና ክብደቱን በኪሎ እንዲጽፍ አድርገው፣ ሞዴሉን ከሻይ ብርጭቆ አጠገብ ያለበትን ፎቶም ስልክህ ላይ ያዝ።

ኮመንት ላይ አንዱ ሌጎውን፣ ከፕላስቲክ ቁርጥራጭ የሚገጣጠመውን፣ ግዛ ብሎሃል፣ በ2023 የወጣውን ኤልአር 13000፣ 2883 ፍሬ ያለውን። ጥሩ ነው፣ በስልክ ይንቀሳቀሳል፣ ልጆች ካሉህ ደስ ይላቸዋል። ግን አንተ የጠየቅከው የብረቱን ነው፣ እኔም የማውቀው የብረቱን ነው።

አዲስ አበባ ከሆንክ እሁድ እሁድ ቤት ነኝ፣ ክሩን አብረን እናስገባዋለን፣ ሰሙም ወረንጦውም አለኝ። በውስጥ መስመር ጻፍልኝ። ብቻ ስትመጣ ፎሙን ሳትከፍተው ይዘኸው ና፣ ታችኛውን ድርብ አብረን እንገልብጠው።