ለሦስቱም የክሪኬት ዓይነት አንድ አምበል ይበቃል? ጥያቄና መልስ ከቱሉ ዲምቱ

ቱሉ ዲምቱ ላይ ክሪኬት የምንከታተል ሰዎች ጥቂት ብንሆንም ጥያቄ አያልቅብንም። ዲኤስቲቪ ቤት ውስጥ የፕሪሚየር ሊጉ ጨዋታ አልቆ ቻናሉ ወደ ክሪኬት ሲዞር፣ ከኋላ ወንበር «ቆይ፣ አምበሉ ተቀየረ እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ሰሞኑን የተጠየቅኩትን ሰብስቤ ለሁላችሁም እመልሳለሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አንድ አገር እንዴት ሁለት ሦስት አምበል ይኖረዋል?

መልስ፦ ጨዋታው ራሱ ሦስት ዓይነት ነዋ። ቴስት እስከ 5 ቀን ይሄዳል። የአንድ ቀኑ ለእያንዳንዱ ቡድን 50 ኦቨር አለው፤ ቲ20 ደግሞ 20። አንድ ኦቨር አንድ ወርዋሪ የሚወረውረው 6 ኳስ ነው። አምስት ቀን ቆሞ የሚመክት መቺና በሁለተኛው ኳስ ከሜዳ ውጪ ለመላክ የሚነሳ መቺ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው አይደሉም። ስለዚህ ስብስቡ ይለያል። በእኛም ያለ ነገር ነው። ቻን ላይ የሚሰለፉት በአገራቸው ሊግ የሚጫወቱ ብቻ ስለሆኑ፣ የቻን ዋልያዎችና የአፍሪካ ዋንጫ ዋልያዎች አንድ ስብስብ አይደሉም። አምበሉ ከስብስቡ ውስጥ ይወጣል፤ የእኔ እምነት እዚህ ላይ ነው። መጀመሪያ 11ዱን ምረጡ፣ አምበሉን ከዚያ ውስጥ።

ጥያቄ፦ አምበሉ ግን ምን ይሠራል? እግር ኳስ ላይ ጨርቅ አስሮ ዕጣ ያወጣል፣ አበቃ።

መልስ፦ ክሪኬት ላይ ሜዳ ውስጥ የሚያዘው አሰልጣኙ ሳይሆን አምበሉ ነው። ቀጣዩን ኦቨር ማን ይወርውር፣ ማን የት ይቁም፣ ሁሉም በእሱ ቃል ነው። የ2024ቱን የቲ20 ዓለም ዋንጫ ፍጻሜ አስታውሱ። ደቡብ አፍሪካ ህንድን ለማሸነፍ በ30 ኳስ 30 ነጥብ ብቻ ቀርቷት ነበር። የደቡብ አፍሪካው መቺ ክላሰን ገና አሁን የህንዱን ወርዋሪ አክሳር ፓቴልን ቀጥቅጦታል። ቲ20 ላይ አንድ ወርዋሪ ከ4 ኦቨር በላይ አይፈቀድለትም፤ የህንዱ ምርጥ ወርዋሪ ቡምራ ደግሞ የቀሩት 2 ናቸው። ብዙ አምበል ለመጨረሻው ያስቀምጠው ነበር። የህንዱ አምበል ሮሂት ሻርማ ግን ወዲያው ጠራው። ቡምራም 4 ነጥብ ብቻ ሰጠ። ተከትሎ ሌላው የህንድ ወርዋሪ ሃርዲክ ፓንድያ ክላሰንን አስወጣ። ቡምራ ተመልሶ 2 ነጥብ ብቻ ሰጥቶ አንድ ሰው አሰናበተና ድርሻውን ጨረሰ። የመጨረሻዎቹን ሁለት ኦቨሮች ሌሎች ጨረሷቸው፤ ህንድ በ7 ነጥብ አሸነፈች። ይህን ሂሳብ በደቂቃዎች ውስጥ የሚሠራ ጭንቅላት ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ቴስት ላይስ?

መልስ፦ እዚያ አምበሉ «ይበቃናል» ብሎ የገዛ ቡድኑን ምት ማቆም ይችላል። በ2023 በርሚንግሃም ላይ ከአውስትራሊያ ጋር ሲጫወቱ፣ የእንግሊዙ አምበል ቤን ስቶክስ ገና በመጀመሪያው ቀን እንግሊዝ 8 ሰው ወጥቶባት 393 ነጥብ ላይ ስትደርስ አቆመ። መቺው ጆ ሩት 118 አስቆጥሮ ገና እየመታ ነበር። ስቶክስ ቀኑ ሳያልቅ በአውስትራሊያ ላይ ጥቂት ኦቨር መወርወር ፈልጎ ነው። በአምስተኛው ቀን አውስትራሊያ ለጥቂት አሸነፈች፤ ጨዋታውን የጨረሰውም የእሷ አምበል ፓት ከሚንስ ነው። ብዙዎች ስቶክስን ወቀሱት። እኔ አልወቅሰውም፤ ቴስት በድፍረት ሲመራ ነው የሚጥመኝ።

ጥያቄ፦ መለያየቱን ማን ጀመረው?

መልስ፦ በጉልህ የሚጠቀሰው የአውስትራሊያው ነው። በ1997 ማርክ ቴይለር ቴስቱን እንደያዘ የአንድ ቀኑ ቡድን ለስቲቭ ዎ ተሰጠ። ዎ በ1999 የዓለም ዋንጫን አነሳ።

ጥያቄ፦ ህንድ ሦስት አምበል ነበራት የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ አዎ፣ በ2025 አጋማሽ። ቴስቱን ሹብማን ጊል፣ የአንድ ቀኑን ሮሂት፣ ቲ20ውን ሱሪያኩማር ያዳቭ ይመሩ ነበር። በዚያው ዓመት መጨረሻ አካባቢ የአንድ ቀኑም ለጊል ተሰጠ፤ ደግ አደረጉ። በሦስቱም የሚሰለፍ ልጅ ሦስት ዓይነት ትእዛዝ ሲሰማ ግራ ይገባዋል። ሁለት ይበቃል።

ጥያቄ፦ በአንድ ወቅት ሁለት ቡድን መላክ ይቻላል?

መልስ፦ ተደርጓል እኮ። በ2021 የህንድ የቴስት ቡድን ከአምበሉ ኮህሊ ጋር እንግሊዝ እያለ፣ ሌላ ስብስብ በሺካር ዳዋን እየተመራ ስሪላንካ ሄደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ እንግሊዝ ኮቪድ ገብቶባት የአንድ ቀን ስብስቧን እንዳለ ቀይራ፣ በስቶክስ አምበልነት ፓኪስታንን 3 ለ 0 አሸነፈች። ተተኪ ማፍራት ማለት ይሄ ነው።

ጥያቄ፦ ሁለት አምበሎች አንድ መልበሻ ክፍል ውስጥ አይጣሉም? (ይህን የጠየቀችኝ ከገላን የምትመጣ እህታችን ናት።)

መልስ፦ እህቴ፣ ደቡብ አፍሪካን እዪ። ቴምባ ባቩማ የቴስቱ አምበል ነው፤ ኤደን ማርክራም የቲ20ው። በሰኔ 2025 ለንደን ሎርድስ ሜዳ ላይ በቴስት ሻምፒዮና ፍጻሜ አውስትራሊያን ለማሸነፍ 282 ነጥብ ሲያሳድዱ፣ ባቩማ የጭኑ ጡንቻ ተጎድቶ እያነከሰ ይሮጥ ነበር። አጠገቡ የሚመታው ማርክራም ነው። ባቩማ 66፣ ማርክራም 136 አስቆጥረው ዋንጫው ወደ አፍሪካ መጣ። በሌላው ቀን ራሱ አምበል የሆነ ሰው ለአምበሉ እንዲህ ከተጫወተ ጠቡ ከየት ይመጣል? ጠብ የሚመጣው ሹመቱ በቅጡ ሳይነገር፣ ሰውየው ከዜና ሲሰማው ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ጀርባ በቴኒስ ኳስ እንጫወታለን። አምበሉ ባቱን (ኳስ መምቻውን) የገዛው ልጅ ይሁን እያሉ ነው።

መልስ፦ አይሁን። ለባቱ አመስግኑት፤ አምበልነቱ ግን ሌላ ነው። ያለ ክርክር በቡድኑ ውስጥ ቦታ ካላቸው ልጆች መካከል፣ ማን ስንት ኦቨር እንደቀረው በቃሉ የሚይዘውን ፈልጉ። ዊኬት ጠባቂውን፣ ከመቺው ጀርባ ቆሞ ኳስ የሚይዘውን፣ መጀመሪያ እዩት፤ እያንዳንዱን ኳስ ፊት ለፊት የሚያየው እሱ ነው፣ የህንዱ ዶኒም ዊኬት ጠባቂ አምበል ነበር። የምትጫወቱት በጥቂት ኦቨር ስለሆነ ለእናንተ አንድ አምበል በቂ ነው። ምክትልም ሰይሙ፤ ቅዳሜ አምበሉ ትምህርት ቢኖረው ጨዋታው እንዳይቀር።