ሎሚ የማያጥበው፦ ስለ ስዊድን ሐይቅ ዓሣ ለጻፋችሁልኝ

ሰመር ሲገባ የዓሣ ጥያቄ ይበዛል። ዘንድሮም አልቀረም።

ለማጥመድ ፈቃድ ያስፈልጋል ወይ?

በቬነርን፣ በቬተርን፣ በሜላረን፣ በየልማረንና የምትላንድ ውስጥ ባለው ስቱርሾን በመንጠቆ ማጥመድ ነጻ ነው። ሌላ ሐይቅ ከሆነ ፊስከኮርት (የማጥመጃ ፈቃድ) ግዙ። አለቀ።

ጭቃ ጭቃ የሚሸት ዓሣ ተበክሎ ነው?

አንድ የኡፕሳላ አንባቢ በዚህ ምክንያት ሁለት ዓሣ ጥሎ አዝኗል። ባይጥል ጥሩ ነበር። ሽታው በአብዛኛው ጂኦስሚን ከሚባል ነገር ነው፤ የሚሠሩትም ውሃ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ናቸው። ዝናብ ደረቅ መሬት ሲመታ የሚሸተን እሱው ነው። መርዝ አይደለም። ሎሚ ወይም ኮምጣጤ ያጠፋዋል።

ነፍሰ ጡር ነኝ፤ ባሌ ያጠመደውን ዬዳ (ፓይክ የሚባለው አዳኝ ዓሣ) ብበላ ችግር አለው?

ከቬስተሮስ የጻፈችልኝ እህት የ4 ወር ነፍሰ ጡር ናት። ባሏ ቅዳሜ ቅዳሜ ዬዳ ይዞ ይገባል። ፍልሰታ ስለሆነ ሥጋ የለም፣ ዓሣው ግን ከቤት አይጠፋም። «በሎሚ አሽቼ በደንብ እጠብሰዋለሁ» ትላለች። (በጾም ዓሣ ይበላል አይበላም የሚለውን ለንስሐ አባትሽ ልተወው።)

አዎ እህቴ፣ ችግር አለው። ዬዳ ውስጥ ሜርኩሪ የሚባል መርዛማ ብረት አለ፤ ሎሚ ሽታን እንጂ እሱን አያወጣም። እሳትም አያወጣውም። ሥጋው ውስጥ ስለሚገባ ቆዳውን ብትገፊ፣ ስቡን ብታነሺም ያው ነው።

ከየት መጣ? ብዙው ከድንጋይ ከሰል ጭስና ከፋብሪካ ነው። ነፋስ ከሩቅ አገር ያመጣዋል፣ ዝናብ ያወርደዋል፣ ጫካውና ረግረጉ ይዞ ያቆየዋል። ሐይቁ ሥር ያሉ ባክቴሪያዎች ደግሞ ሜቲልሜርኩሪ ወደሚባል፣ ሰውነት ውስጥ በቀላሉ ወደሚገባ ዓይነት ይለውጡታል። ከዚያ በኋላ ነው ከዓሣ ወደ ዓሣ የሚተላለፈው።

ባለፈው ዓመት የአንድ ትልቅ ዬዳ ሆድ ስቀድ መዳፍ የሚያህል አቦሬ የሚባል ሌላ ዓሣ ወጣ። ቅርፊቱ እንኳ አልለቀቀም ነበር። አቦሬውን ስከፍተው ደግሞ ጣት የሚያህሉ ሁለት ዓሦች አገኘሁ። የትንሾቹ ሜርኩሪ ለአቦሬው፣ የአቦሬው ለዬዳው። ቶሎ ስለማይወጣ ይከማቻል። ባልሽ የሚኮራበት ትልቁ ዓሣ ነው የሚብሰው።

ሜቲልሜርኩሪ በእንግዴ ልጅ በኩል ያልፋል፣ የሚጎዳውም በማደግ ላይ ያለውን አንጎል ነው። ስለዚህ የስዊድን የምግብ ባለሥልጣን ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና ለማርገዝ ያሰበች ሴት ዬዳ፣ አቦሬ፣ እንዲሁም ዮስና ላኬ የሚባሉትን የሐይቅ ዓሦች በዓመት ከ2 እስከ 3 ጊዜ ብቻ ትብላ ይላል። በሳምንት አላልኩም፣ በዓመት! ሌሎቻችን እነዚህን ዓሦች በሳምንት ከአንድ ጊዜ በላይ አንብላ።

ዓሣ ተዪ ማለቴ ግን አይደለም። ለአንቺም ለልጅሽም ይጠቅማል። የእርባታ ሳልሞን፣ ወይም ቶሽክና ሴይ የሚባሉትን የባሕር ዓሦች ብዪ። እስካሁን በበላሽው አትሸበሪ። ግን ሰኞ ጠዋት ለባርንሞርስካሽ (እርግዝናሽን ለምትከታተለው አዋላጅ) ደውዪ። «ቀጠሮዬ ሲደርስ እነግራታለሁ» እንዳትዪኝ። ስንት ቅዳሜ፣ ምን ያህል እንደበላሽ ቆጥረሽ ንገሪያት። እባክሽ።

ኦል የሚባለውን ዓሣ ማጥመድ ለምን ተከለከለ?

ከማልሞ የጻፉልኝ ጋሼ «እባብ የሚመስለውን ዓሣ ጎረቤቴ አጭሶ አቀመሰኝ፣ ጣፈጠኝ፣ እኔ ለምን አላጠምድም?» ይላሉ።

ኦል የሚወለደው አትላንቲክ ውስጥ፣ ሳርጋሶ ባሕር ነው። ጫጩቱ እንደ መስታወት ጥርት ብሎ አውሮፓ ይደርሳል። እዚህ ለዓመታት አድጎ፣ ለመራባት ያንን ሁሉ መንገድ ይመለስና እዚያው ይሞታል። ከ1980ዎቹ ወዲህ የሚደርሰው ጫጩት ከ90 በመቶ በላይ ቀንሷል። መንገዱን ግድብ ይዘጋበታል፣ ተርባይን ይቆራርጠዋል፣ ሰው ያጠምደዋል። ሥጋው ስብ ስለሆነ ዳዮክሲንና ፒሲቢ የሚባሉ መርዛማ ኬሚካሎችም ይከማቹበታል። ኔዘርላንድስ ከ2011 ጀምሮ በትልልቅ ወንዞቿ ኦል ማጥመድ የከለከለችው በዚህ መርዝ ምክንያት ነው። ስዊድን ውስጥ ከ2007 ጀምሮ ያለ ልዩ ፈቃድ አይጠመድም፤ ዝርዝሩን የአካባቢዎን የዓሣ ቢሮ ይጠይቁ።

ሳያስቡት መንጠቆዎ ላይ ከመጣ እጅዎን አርጥበው ይያዙት። መንጠቆውን ከዋጠው አይጎትቱ። ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጠው ወደ ውሃው ይመልሱት።