ጠይቁን፦ አያቴን «ቡናውን ድገሚልኝ» ብላት ፊልሙ ውሸት ይሆናል?

የክልሉ የፊልም ፌስቲቫል ዘንድሮ ለዶክመንተሪ ራሱን የቻለ ቀን ስለሰጠው ነው መሰለኝ ሰሞኑን ከደሴም ከሐይቅም ከወልዲያም የሚመጣልን ጥያቄ ሁሉ ስለሱ ሆኗል። አራቱን መርጫለሁ፣ አንዳንዱን ረዘም አንዳንዱን አጠር አድርጌ እመልሳለሁ፣ የማይመቻችሁ ነገር ካለ ደግሞ ጻፉልኝ እንጂ ዝም አትበሉ።

ከሐይቅ፦ «ጋሼ ሰላም ነው? አያቴ ጠዋት ጠዋት ቡና አፍልታ ዱዓ ስታደርግ በስልኬ እየቀረጽኩ ነው፣ 20 ደቂቃ የሚሆን ዶክመንተሪ ሰርቼ ለፌስቲቫሉ ልልከው ነው ያሰብኩት። አንድ ቀን ግን አቦሉን ስትቀዳ ስልኬ ሜሞሪ ሞልቷል ብሎ ቆመብኝና እማማ እስቲ ድገሚልኝ ስላት ‹በቀዘቀዘ ቡና ዱዓ ይደረጋል እንዴ ልጄ› ብላ ሳቀችብኝ። ጓደኛዬ ደግሞ ከደገመችልሽማ ዶክመንተሪ አይደለም ድራማ ነው አለኝ። ምን ይላሉ?»

አብሽሪ እህቴ፣ ጓደኛሽ ግማሹን ነው ያወቀው። ዶክመንተሪ ገና ከጅምሩ ሰው «እስቲ ድገመው» እየተባለ ነው የተሰራው። እንደ ፈረንጆቹ በ1922 ሮበርት ፍላኸርቲ የሚባል አሜሪካዊ በሰሜን ካናዳ በረዶ ውስጥ ስለሚኖር ናኑክ ስለተባለ አዳኝ ፊልም ሰርቶ አሳየ፣ ስለ ዶክመንተሪ የሚማር ሰው እስከዛሬ መጀመሪያ የሚያየው እሱን ነው። ታዲያ የበረዶ ጎጆዋ ውስጥ ጨለማ ነው፣ የዛን ጊዜ ካሜራ ደግሞ ግዙፍ ነው አይገባም፣ ምን አደረጉ መሰለሽ፣ ጎጆዋን ግማሽ ብቻ አድርገው ሰሩና ቤተሰቡ በዛ ብርድ ክፍት ቤት ውስጥ የተኛ እንዲመስል ተደረገ። ሰዎቹ ጠብመንጃም ያውቁ ነበር፣ እሱ ግን እንደ አባቶቻችሁ በጦር አድኑልኝ አላቸው። ይኸው 100 ዓመት አልፎት አሁንም ልክ ነው አይደለም እያሉ ይጨቃጨቁበታል።

እኔን ጎጆዋ አትከነክነኝም፣ የሚከነክነኝ ጦሩ ነው። እንዲህ አይነት ጎጆ ውስጥ መተኛት ኑሯቸው ነበር፣ ግማሽ የሆነችው ብርሃን እንዲገባ ብቻ ነው። ጦሩ ግን የቀረ ነገር ነው፣ የቀረውን አሁንም እንዲህ ይኖራሉ ብሎ ለተመልካች መሸጥ ነው። ስለዚህ አያትሽን «እማማ ስኒውን ወደዚህ ጠጋ አርጊልኝ» ማለት ሌላ፣ ፍሪጁንና ቴሌቪዥኑን ከቤት አስወጥተሽ ኩራዝ አብርተሽ የድሮ ቀሚስ አልብሰሽ ማስቀመጥ ሌላ። ሁለተኛውን እዚህ አገር ስንቱ ይሰራዋል መሰለሽ!

ራሴም ጥፋተኛ ነኝ፣ ልናዘዝ። ድሮ ቃሉ ወረዳ አንድ ገበሬ ሲያርሱ ልቀርጽ ሄጄ፣ አንዴ ፀሐይዋ አላማረችኝም፣ አንዴ ካሜራው ተንቀጠቀጠብኝ እያልኩ አንዱን ትልም አራት ጊዜ አሳረስኳቸው። በአራተኛው አንደኛው በሬ ጥምድ እንዳለ ተኛ፣ ጅራፍ ቢጮህ አይነሳም። ሰውየው እርፉን ለቀቁና «እኔስ እንግዳ ነህ ብዬ ነው ልጄ፣ በሬው ግን የታረሰ መሬት ያውቃል» አሉኝ። ቤት ገብቼ ሳየው ደህናው የመጀመሪያው ነበር።

አንቺ ግን እድለኛ ነሽ፣ የአያትሽ ቡና ነገም አለ፣ ለምን ታስደግሚያታለሽ ራሱ ይደገምልሽ የለም? አቦሉ ካመለጠሽ ቶናውን ቅረጪ፣ በረካውን ነገ፣ እንዲህ ሳምንት ስትመላለሺ እሷም ስልኩ መኖሩን ትረሳዋለች፣ ያኔ ነው ፊልሙ የሚጀምረው። ድምፁን ደግሞ አደራ፣ ቡናው ምጣዱ ላይ ሲንጣጣ፣ ዘነዘናው ሙቀጫውን ሲመታ፣ ጀበናው ገንፍሎ ከሰሉ ሽሽ ሲል፣ ይሄን ሁሉ ስልኩን አስጠግተሽ ለብቻ ለብቻው ቅጂው። ሰው ሁሉ ዝም ሲል የቤቱን ዝምታ ራሱ 30 ሰከንድ ያህል ቅጂ፣ ኤዲት ስታደርጊ በንግግርና በንግግር መሃል ያለውን ቀዳዳ የሚሞላልሽ እሱ ነው። የእጣኑ ጭስ ሲነሳ ስልኩ ፎከሱን ስለሚያጣው ስክሪኑን እጇ ያለበት ላይ ጫን ብለሽ ያዢና ሎክ አርጊው። ኤርፕሌን ሞድም እንዳትረሺ፣ ዱዓው መሃል ስልክ ቢጮህ አያትሽም እኔም ይቅር አንልሽም።

ከደሴ፦ «አጎቴ የ66ቱን ድርቅ በልጅነቱ ያየ ሰው ነው፣ ሁለት ወንድሞቹን ያጣውም ያኔ ነው። ቤት ውስጥ ጨዋታ ሲነሳ ያወራል፣ ካሜራ ሳወጣ ግን ጋቢውን ሰብስቦ ይነሳል። ስልኬን ደብቄ ድምፁን ብቀዳው ምን ችግር አለው? ፌስቲቫል ይሄን አይነት ታሪክ ይወዳል ይሉኛል።»

ይወዳል። እኔም እንዳታደርገው የምልህ ለዛ ነው።

እኛ ወሎዎች ዶክመንተሪን የተዋወቅነው ተቀራጭ ሆነን ነው'ኮ። ጆናታን ዲምብልቢ የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ እዚሁ ወሎ መጥቶ የቀረጸው የረሃብ ፊልም ጥቅምት 1966 በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ መንግስት ሲደብቀው የከረመው ጉድ ወጣ፣ እርዳታም ተሰበሰበ። ዓመት ሳይሞላው ደግሞ ደርግ ያንኑ ፊልም ከቤተመንግስት ድግስ ጋር አፈራርቆ አስቀጠለውና በአዲስ ዓመት ማታ፣ መስከረም 1 ቀን 1967፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን አሳየው፣ በማግስቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። ያው ፊቶች ናቸው፣ ያው ህፃናት፣ ግን ሌላ እጅ ሲቆርጠውና ሲቀጥለው ሌላ ስራ ሰራ። ከዛ ደግሞ ጥቅምት 1977 ኮረም፣ ያኔ ወሎ ክፍለ ሀገር ስር እያለች፣ የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ ሞሐመድ አሚን የቀረጹት ዓለምን አስለቀሰ፣ ሐምሌ ላይ ለንደንና ፊላደልፊያ ያ ሁሉ ዘፋኝ የተሰበሰበበት ትልቅ ኮንሰርት ድረስ አደረሰ።

እህል አምጥተዋል፣ ይሄን መካድ ግፍ ነው። ግን እዛ ውስጥ ፊታቸው ከታየው እናቶች ስንቶቹ ፊልሙን አዩት? እኔ ከዛ ዘመን የተነሳ ምስል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምፈልገው የሴትየዋን ስም ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ የለም፣ «አንዲት እናት» ይላል በቃ። አጎትህ ጋቢውን ሰብስቦ ሲነሳ ይሄን ሁሉ ተንትኖ ላይሆን ይችላል፣ ግን ካሜራ ይዞ የሚመጣ ሰው ይዞ የሚሄደው ነገር እንዳለ ያወቀ ይመስለኛል።

በድብቅ ብትቀዳው ምን ይሆናል መሰለህ፣ አዳራሹ አጨብጭቦ ይወጣል፣ አጎትህ ግን ከዛ በኋላ አንተ ስትገባ ጨዋታ ያቆማል። ካሜራውን ለጊዜው ተወው። አንድ ቀን በደህናው ሰዓት ደግሞ በግልጽ ጠይቀው፣ የማይፈልገው ፊቱ እንዲታይ ነው ወይስ ድምፁም እንዲሰማ? ሽማግሌዎቻችን ብዙዎቹ ከፊታቸው ይልቅ በድምፃቸው ይስማማሉ፣ እሱ እያወራ አንተ ግቢውን፣ እጁን፣ የጋቢውን ጥለት ብታሳይ ምንም አይጎድልብህም። እሺ ካለህ የት የት እንደሚታይ ንገረውና እሺታውን በራሱ አፍ ቅረጸው፣ ኢንተርኔት ላይ አንዴ ከወጣ ተመልሶ እንደማይሰበሰብም አትደብቀው። ስትጨርስ ፌስቲቫሉ ሳያየው እሱ ይየው፣ እዛው ሳሎን፣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰክተህ፣ ይቺን አውጣልኝ ካለህ ያለ ክርክር ታወጣለህ። ጭራሽ እምቢ ካለስ? ያኔ ፊልሙን ስለራስህ ስራው፣ ሁሉም እያወቀው ካሜራ ፊት የማይነገርበት ቤት ውስጥ ስላደገ ልጅ። እኔ እንደውም የመጀመሪያውን ትቼ ይሄኛውን ነበር የማየው።

ከወልዲያ፦ «እውነት ለመናገር ዶክመንተሪ ሲጀምር እንቅልፍ ይወስደኛል፣ ባለፈው ፌስቲቫል ላይ አጠገቤ የነበረው ሰውዬ ነው የቀሰቀሰኝ። ጥፋቱ የኔ ነው የፊልሙ?»

አትፈር፣ የፊልሙም ሊሆን ይችላል። «ዘጋቢ ፊልም» የሚለው ስማችን ራሱ ወደ ዜና ይጎትተዋል፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ድምፀ ወፍራም ሰው የምናየውን ነገር መልሶ ይነግረናል። ተራራ ይታያል «ተራራማዋ» ይላል፣ ወንዝ ይታያል «ወንዞቿ» ይላል፣ አሮጊት ብቅ ሲሉ ዋሽንት ይገባል። ደግሞ የሚያናድደኝ፣ ከአራቱ ቅኝቶቻችን ባቲና አምባሰል ስማቸው የኛው አገር ስም ሆኖ ሳለ ፊልም ሰሪው ሁሉ ያቺኑ አንድ ሆድ የምታባባ ትዝታ ከስር አንጥፎ ይሄዳል፣ የሰርግ ፊልም እንኳ የቀብር ይመስላል። ዶክመንተሪ ለሚለው ነገር ስም ካወጡለት ሰዎች አንዱ ስኮትላንዳዊው ጆን ግሪርሰን እውነተኛውን ነገር በፈጠራ መያዝ ነው ነበር ያለው፣ እኛ ጋ እውነተኛው አለ ፈጠራው ነው ያንቀላፋው። አንተ ግን ምሳ በልተህ ሦስት ፊልም በተከታታይ አትይ፣ አንዱን አይተህ ውጣና ማኪያቶ ጠጣ፣ ከፊልም ሰሪው ጋር ጥያቄና መልስ ያለበትን ምረጥ፣ እንቅልፍ የሚገፍ እሱ ነው።

ከኮምቦልቻ፦ «ፊልሜን ዩቲዩብ ላይ ጭኜዋለሁ፣ ፌስቲቫል አይቀበልም የሚሉት እውነት ነው? ምን ምንስ ልላክ?»

ሁሉም አይደለም፣ ግን ብዙዎቹ መጀመሪያ እኛ ጋ ይታይ ስለሚሉ ደንባቸውን ሳታነብ አትልቀቀው፣ የተጫነውን ደግሞ ለጊዜው ፕራይቬት አድርገው። ሲልኩ የሚበዛው በፓስወርድ የተዘጋ ሊንክ ነው። ውጭ አገር የምትልክ ከሆነ የእንግሊዝኛ ሰብታይትል የግድ ነው፣ በደንብ የሚችል ሰው ያርምልህ፣ በጎግል ተርጉመህ እንዳትልክ። የመመዝገቢያ ክፍያ አለው የለውም ብለህ ጠይቅ፣ ቀድሞ ለላከ የሚቀንሱ አሉ። ርዝመት ላይ ሁሉም የየራሱ ልክ አለው፣ ኦስካር ለምሳሌ አጭር ፊልም የሚለው እስከ 40 ደቂቃ ያለውን ነው፣ ስም ዝርዝሩን ጨምሮ።

ለእይታው ቀን ደግሞ ሁለት ፍላሽ ያዝ፣ አንዱን አንተ ጋ አንዱን ጓደኛህ ጋ። እኔ አንዴ ደሴ ፒያሳ ስወርድ ፍላሼን ባጃጅ ውስጥ ረስቼ ቀኑን ሙሉ ስባዝን ዋልኩ፣ ልጁ አስር ሰዓት ላይ ፈልጎኝ መጣ፣ ለካ የማን እንደሆነ ለማወቅ ብሎ ከፍቶ ሙሉውን አይቶታል። ሰጠኝና «ጋሼ፣ መጨረሻው አካባቢ ሴትየዋ ስታወራ አይሰማም» አለኝ። ሮጬ አስተካከልኩት።