ታኖስ ያለ ድንጋዮቹ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ እኔና የአክስቴ ልጅ የምንኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። «ኢንፊኒቲ ዋር» እና «ኤንድጌም» የተባሉትን የአቬንጀርስ ፊልሞች በፍላሽ አስጭነን ካየናቸው ወዲህ የፍጥረትን ግማሽ በሚያጠፋው ባላንጣ፣ በታኖስ ጉዳይ መከራከር አልተውንም፤ ከዚራ ዛፍ ሥር ሻይ ስንጠጣም ያው ነው፣ ባጃጅ ውስጥም ያው ነው። እኔ የታኖስ ኃይል በሙሉ ጓንቱ ላይ የሚሰካቸው የስድስቱ ተአምረኛ ድንጋዮች ነው፣ ጓንቱን ቢያወልቁት ተራ ወታደር ነው እላለሁ። እሱ ደግሞ ያለ ጓንትም ማንም የማይችለው ነው ይላል፤ ከዚያም አልፎ ሰው በዝቶ ሀብት ሲያንስ ግማሹ ቢጠፋ የቀረው ይጠግባልና ሐሳቡ ልክ ነበር ይለኛል። ባለፈው እሑድ ተኮራርፈን ተለያየን። ማናችን ነን ልክ?
(ከሳቢያን፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ክርክራችሁ ሁለት ጥያቄዎችን አንድ ላይ ያሰረ ነው። ታኖስ ምን ያህል ብርቱ ነው የሚለው አንድ ነገር ነው፤ ልክ ነበር ወይ የሚለው ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው።

በጉልበቱ ነገር የአክስትዎ ልጅ ይረቱዎታል። እ.ኤ.አ. በ2018 በወጣው «ኢንፊኒቲ ዋር» መክፈቻ ላይ ግዙፉ አረንጓዴ ጀግና ሃልክ በድንገት ዘሎ ሲገጥመው፣ ታኖስ ከስድስቱ ድንጋዮች አንዱን፣ ሐምራዊውን የኃይል ድንጋይ፣ ጓንቱ ላይ አድርጎ እንደ ነበር አይካድም። እርስዎም የሚጠቅሱት ይህንኑ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ ትዕይንቱን ደግመው ይመልከቱት፦ ድንጋዩ ሲበራ አይታይም፤ ሊያግዝ የተነሣውንም ተዋጊ ባልደረባው ጌታችን ይጫወት፣ ተወው ብሎ ያስቆመዋል። ከዚያ በኋላ ያለው የቡጢ ሥራ ብቻ ነው፤ መጨረሻ ላይ ያንን ግዙፍ ፍጡር ወደ ላይ አንሥቶ ከወለሉ ጋር ያላትመዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 በወጣው «ኤንድጌም» ላይ ደግሞ ካለፈው ዘመን ተሻግሮ የመጣው ታኖስ አንድም ድንጋይ በእጁ ሳይኖር ቶርን፣ አይረን ማንንና ካፒቴን አሜሪካን በአንድ ጊዜ ይገጥማል፣ የካፒቴኑንም ጋሻ በሰይፉ እየከተፈ ይሰብረዋል። ይህ የተራ ወታደር ሥራ አይደለም።

ሆኖም «ማንም የማይችለው» የሚለው ቃል ከልክ ያለፈ ነው። በዚያው ጦርነት ላይ ከጀግኖቹ አንዷ ዋንዳ በአየር አንሥታ የጦር ልብሱን እየገነጣጠለች ስታስጨንቀው፣ ከመርከቡ እሳት እንዲዘንብ ያዝዛል፤ ከታች ያሉት የገዛ ወታደሮቹ እንደሆኑ እየተነገረውም ትእዛዙን አልመለሰም። ሌላዋን ጀግና ካፒቴን ማርቨልን በግንባሩ ሲመታት ንቅንቅ እንኳ አላለችም። ሊያርቃት የቻለው የኃይሉን ድንጋይ ከጓንቱ ነቅሎ፣ በመዳፉ ጨብጦ ሲመታት ነው። ስለዚህ እርስዎ የሚሉት እውነትነት የሚኖረው እዚህ ላይ ነው፦ ክንዱ ብርቱ ነው፣ ክንዱ ሲያልቅበት ግን እጁ ወደ ድንጋዩ ይሄዳል።

ታኖስ ልክ ነበር በሚለው ላይ ግን ከአክስትዎ ልጅ ጋር አልስማማም፤ ነገሩ ስለ ፊልም ብቻ ስላልሆነ ሰፋ አድርጌ እመልሳለሁ።

በመጀመሪያ ሒሳቡን እንመልከት። ፊልሙ በወጣበት ዓመት የዓለም ሕዝብ ከ7 ቢሊዮን ተኩል በላይ ነበር፤ ግማሹ ሲነሣ 3.8 ቢሊዮን ገደማ ይቀራል። ዓለም ይህን ያህል ሕዝብ የነበራት እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ከዚያ እንደገና እጥፍ ለመሆን ሃምሳ ዓመት እንኳ አልፈጀባትም። ታኖስ በዚያ ሁሉ ሞት የገዛው ጊዜ ይህችው ናት። ያ ዘመን ለእኛ አገር የጥጋብ ዘመን ነበርን? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ወሎ የተራበው ያን ጊዜ ነው። ሕንዳዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናቱ እንዳሳየው፣ በዚያ ረኀብ ወቅት የአገሪቱ ጠቅላላ የእህል ምርት ያን ያህል አልቀነሰም ነበር፤ ገበሬው አዝመራውና ከብቱ ሲጠፋበት የሚገዛበት አቅም አጣ እንጂ፣ እንዲያውም ከወሎ ወደ ሌላ አካባቢ የሚጫን እህል ነበር። ከዐሥር ዓመት በኋላም በ1976 ዓ.ም. የተደረገው ቆጠራ ወደ 42 ሚሊዮን ሕዝብ አሳየ። ይህ ከዛሬው ሕዝባችን ግማሽ አይሞላም። በማግሥቱ ግን የ1977ቱ ድርቅና ረኀብ ደረሰ። የታኖስን ግማሽ አገር እኛ ቀደም ብለን አይተነዋል፤ ጥጋቡን ግን አላየንም።

ሁለተኛው ነገር ብዙ ተመልካች የሚያልፈው ነው። ታኖስ ያጠፋው የሰውን ግማሽ ብቻ ሳይሆን ሕይወት ያለውን ፍጡር ሁሉ ግማሽ መሆኑን ፊልሙ ራሱ ይናገራል። ዐሥር ቤተሰብና ዐሥር ፍየል ያለው አባወራ አምስት ሰውና አምስት ፍየል ይቀረዋል ማለት ነው። የእያንዳንዱ ድርሻ ከመጀመሪያውም አንድ ፍየል ነበር፣ አሁንም አንድ ፍየል ነው።

ለአክስትዎ ልጅ የሚያግዝ አንድ ትዕይንት እንዳለ አልደብቅም። ግማሹ ከጠፋ ከአምስት ዓመት በኋላ ካፒቴን አሜሪካ ወደ ትግል ጓደኛው ወደ ናታሻ መጥቶ፣ መርከብ በመቀነሱና ውኃው በመጥራቱ በኒው ዮርኩ ሃድሰን ወንዝ ላይ ዓሣ ነባሪዎች ማየቱን ይነግራታል። ናታሻ ዓይኗ እንባ እንዳቀረረ፣ በጎ ጎኑን እይ ልትለኝ ከሆነ ይህን ሳንድዊች እወረውርብሃለሁ ትለዋለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደጫቱ በሌሊት ሞልቶ ከሁለት መቶ በላይ ሰው ሲወስድ ያየ የድሬዳዋ ሰው የናታሻን መልስ ለመረዳት አስተርጓሚ አያሻውም። ከዚያ ሌሊት በኋላ ቦታ ሰፋልኝ፣ ገበያ ቀለለልኝ ያለ አንድም ሰው አልሰማሁም።

ከሁሉ በላይ ግን ታኖስን የሚያጋልጠው የገዛ አፉ ነው። የቀሩት ሰዎች የሞቱባቸውን መርሳት እንዳቃታቸው፣ እንደማያመሰግኑትም ሲያውቅ፣ ዓለሙን በሙሉ እስከ መጨረሻዋ ቅንጣት አፍርሶ ያጣውን የማያውቅና ለተሰጠው የሚያመሰግን አዲስ ዓለም ሊሠራ ይነሣል። ሐሳቡ በእርግጥ ሚዛን ቢሆን ኖሮ ግማሹ ከጠፋ በኋላ ሥራው ባለቀለት ነበር። የፈለገው ግን ልክ ነህ መባልን ነው። አንዱን ድንጋይ ለማግኘት ሲል ያሳደጋትን ልጁን ጋሞራን ከገደል ሲወረውር ያፈሰሰው እንባ ብዙ ሰው ያሳዝናል፤ እኔንም አሳዝኖኛል። እሷ ግን ከመወርወሯ በፊት ይህ ፍቅር አይደለም ብላ ነግራዋለች፤ ፍርዱን ለእሷ ብንተው ይሻላል።

ይህን ስል የታኖስን ትልቅነት እንደ ገጸ ባሕርይ ማሳነሴ አይደለም። ፊልም ሠሪዎቹ በ«ኢንፊኒቲ ዋር» ላይ አሸናፊነቱን ሰጥተውታል፣ የመጨረሻዋንም ጸጥ ያለች ትዕይንት ለእሱ ትተዋል፤ ብቻውን ተቀምጦ ፀሐይ ስትወጣ ሲያይ ፊልሙ ያልቃል። እንዲህ የተከበረ ባላንጣ በዚያ ዓይነት ፊልም ላይ ብዙ አይገኝም። እርስዎና የአክስትዎ ልጅም ይህን ያህል ጊዜ የተከራከራችሁበት ለዚህ ነው። በሚቀጥለው እሑድ የሃልክን ትዕይንት አብራችሁ ተቀምጣችሁ ብታዩት ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ታኖስ የሚለው ስም ትርጉም አለው? በሥዕል መጽሔቱ ላይ ያለው ታሪክስ ከፊልሙ ጋር አንድ ነው?
(ከጀጎል፣ ሐረር)

መልስ፦ ስሙ «ታናቶስ» ከሚለው የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ሞት ማለት ነው። ቃሉ ለእኛም እንግዳ አይደለም፦ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃንን ጳጳስ አድርጎ የሾመልን የእስክንድርያው ፓትርያርክ አትናቴዎስ ስሙ ከዚሁ ሥር ወጥቶ፣ ፊቱ ላይ «አ» ሲጨመርበት የማይሞት ማለት ሆኗል።

ታኖስን የፈጠረው አሜሪካዊው ሠዓሊና ደራሲ ጂም ስታርሊን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የታየውም እ.ኤ.አ. በ1973 በአይረን ማን መጽሔት ቁጥር 55 ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በታተመው በጓንቱ ታሪክ ላይ ግን ስለ ሀብት ማነስ የሚናገር ታኖስ የለም። በሴት አምሳል የምትታየውን ሞትን አፍቅሮ፣ እሷን ደስ ለማሰኘት የፍጥረትን ግማሽ ያጠፋል፤ እሷ ግን ፊቷን አትመልስለትም። በታሪኩ መጨረሻ ጓንቱን አጥቶ፣ ሰው በማያውቀው ምድር ገበሬ ሆኖ እናገኘዋለን። ፊልሙ ምክንያቱን ቢቀይርም ይህን እርሻ አልተወም፤ በመጽሔቱም በፊልሙም የጦር ልብሱ በማሳው መካከል የወፍ ማስፈራሪያ ሆኖ ተሰቅሏል።