ህንደኬ፣ ማሊክ አምበርና ሌሎች የተዘለሉ፦ ጥያቄና መልስ

ከአፍሪካ ታሪክ ብዙ ስለማይወራላቸው ሰዎች የምትጠይቁት ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከጠበቅኩት በላይ መጣ። ሁሉንም መመለስ አልቻልኩም፤ የቻልኩትን እነሆ። ዓመቶቹም ወሮቹም በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በሐዋርያት ሥራ ላይ ያለችው ህንደኬ በእውነት የነበረች ሰው ናት?

ነበረች። ግን ህንደኬ የሰው ስም አይደለም፣ ማዕረግ ነው። ዛሬ ሱዳን በምንለው አገር፣ በአባይ ዳር፣ የኩሽ መንግሥት ነበር። መናገሻው መርዌ ነው። እዚያ የንጉሥ እናትን ወይም ንግሥቲቱን "ካንዳኬ" ይሏት ነበር። ግሪኮች ደግሞ የዚያን አገር ሰው ኢትዮጵያዊ ነው የሚሉት፤ መጽሐፉም የተጻፈው በግሪክ ነው።

ጃንደረባው ያገለገላት ህንደኬ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የነበረች ናት። እኔ ግን የምወዳት ከእሷ የቀደመችውን ነው፤ አማኒሬናስን። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ25 ገደማ ነው ነገሩ። ሮማውያን ግብፅን ከያዙ ገና አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ግብፅ ያለው የሮም ጦር ከፊሉ ወደ ዓረብ ምድር ሲዘምት ኩሾች ክፍተቱን አዩ። አስዋንን፣ ኤለፋንቲንንና ፊላይን ያዙ። የአውግስጦስ ቄሣርን ሐውልቶች ገነደሱ።

ሮማውያን ዝም አላሉም። ጴጥሮንዮስ የሚባለው ገዥ ወርዶ ናፓታ የምትባለውን ከተማ አፈረሰ። 400 ወታደር ምሽግ ውስጥ ትቶ ተመለሰ። ንግሥቲቱ ግን በቃኝ አላለችም፤ ጦሯን ይዛ ወደ ምሽጉ መጣች። በመጨረሻ ነገሩ ወደ ድርድር ዞረ። ጴጥሮንዮስ መልእክተኞቿን "ጉዳያችሁን ለቄሣር ንገሩ" አላቸው። እነሱም ቄሣር ማን እንደሆነ፣ የት እንደሚገኝም አናውቅም አሉት! አጃቢ ተሰጥቷቸው ሳሞስ ደሴት ድረስ ሄዱ። ቄሣር የጠየቁትን ሁሉ ሰጣቸው፤ የጣለባቸውንም ግብር አነሳላቸው። ከሮም ጋር ተዋግቶ እንዲህ ሆኖ የተመለሰ ብዙ አይደለም።

በ1910 መርዌ ላይ ሲቆፈር ከአንድ ቤተ መቅደስ ደረጃ ሥር የአውግስጦስ የነሐስ ራስ ወጣ። የገባ የወጣ ሁሉ እንዲረግጠው እዚያ የቀበሩት ይመስላል። አስቂኙ ነገር፣ ስለተቀበረ ነው ሳይበላሽ የቆየው። ዓይኖቹ ሳይቀሩ አሉ። አሁን ለንደን፣ ብሪቲሽ ሙዚየም ነው ያለው።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ያወራልን ማነው? ኩሾች ራሳቸው አልጻፉም?

ጽፈዋል። ችግሩ እኛ ጋ ነው። የመርዌ ፊደል ይነበባል፣ ድምፁ ይታወቃል፤ ቋንቋው ግን እስከ ዛሬ በቅጡ አልተፈታም። አማኒሬናስ ስሟ የተቀረጸበት የድንጋይ ጽሑፍ አለ። ፊት ለፊቱ ቆመን አብዛኛው አይገባንም። ስለዚህ የምንሰማው ስትራቦን ነው። ስትራቦ ግሪካዊ ጸሐፊ ነው፤ ወደ ዓረብ ምድር የዘመተው የሮም ሹም ደግሞ ወዳጁ ነበር። ንግሥቲቱን "ወንዳወንድ፣ አንድ ዓይኗ የጠፋ" ይላታል። ስሟን እንኳን አልጻፈም።

ታች የምታገኟቸውም ታሪኮች አብዛኞቹ እንዲሁ ናቸው፤ መዝገቡን የያዘው ሌላ ሰው ነው።

ጥያቄ፦ ሕንድ ውስጥ ሐበሻ ነግሦ ነበር የሚባለው እውነት ነው ወይስ የእኛ ጉራ?

እውነት ነው፤ ትንሽ ላርመው እንጂ። ማሊክ አምበር ንጉሥ አልነበረም፤ አንጋሽ ነበር። በ1548 ገደማ ኢትዮጵያ ውስጥ ተወለደ፤ የልጅነት ስሙ ቻፑ ይባላል። በልጅነቱ በባርነት ተሸጠ። ከእጅ ወደ እጅ እያለ ባግዳድ ደረሰ፤ አምበር የሚለውን ስም እዚያ አወጡለት። ከዚያ ደቡብ ሕንድ፣ አሕመድናጋር ገባ። የገዛው ባለሥልጣን ራሱ ባሪያ የነበረ ሐበሻ ነው። ሰውየው ሲሞት ሚስቱ ነፃ ለቀቀችው።

ከዚያ ጥቂት ፈረሰኛ ሰበሰበ። ጥቂቱ ሺህ ሆነ። በ1600 ሰሜን ሕንድን የሚገዙት ሙጋሎች የአሕመድናጋርን ምሽግ ሲይዙ ሁሉም ነገር ያበቃ መስሎ ነበር። አምበር ከንጉሣዊው ዘር አንድ ሰው ፈልጎ አነገሠ፤ ልጁንም ዳረለት። ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ የሙጋልን ግዙፍ ጦር አላስተኛውም። ፊት ለፊት አይገጥምም። በማራታ ፈረሰኞች ስንቁን ይቆርጣል፣ በሌሊት ይመታል፣ ይጠፋል።

የሙጋሎቹ ንጉሠ ነገሥት ጃሃንጊር በጣም ተናደደ። በዓለም ሉል ላይ ቆሞ የአምበርን የተቆረጠ ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳይ ሥዕል አሠራ። በእውን ግን ራሱን ቆርጦት አያውቅም። አምበር በ1626 በእርጅና ነው የሞተው። ሲሞት የጃሃንጊር ዜና መዋዕል ራሱ በጦር አመራር አቻ ያልነበረው ሰው ብሎ ጻፈለት። በ1610 የቆረቆራት ከተማ፣ ኋላ አውራንጋባድ የተባለችው፣ እሱ ያስቆፈረው የውኃ መስመር አላት።

ጥያቄ፦ የማሊው ንጉሥ አቡበክር ከኮሎምበስ በፊት አሜሪካ ደርሷል። ለምን አይነገርም?

ወንድሜ፣ አዝናለሁ፤ ይህን አልፈርምልህም። ምንጩ አንድ ነው። ማንሳ ሙሳ በ1324 ካይሮ ሲገባ፣ ከእኔ በፊት የነበረው ንጉሥ የባሕሩን ዳር ሊያይ 2000 መርከብ ይዞ ሄዶ ቀረ ብሎ አወራ። አል ኡመሪ የሚባል ጸሐፊ ይህን መዘገበው። የንጉሡ ስም እዚያ የለም። ደረሰ የሚልም የለም። ታሪኩ እንዲሁም ድንቅ ነው፤ አሜሪካን መጨመር አያስፈልገውም።

ጥያቄ፦ ስለ ጦርነት ብቻ ነው የምታወራው። ሌላ ሙያ አልነበረም?

ልክ ነሽ። እንግዲያው ወደ ቡንዮሮ እንሂድ፣ የዛሬዋ ኡጋንዳ። በ1879 ሮበርት ፌልኪን የሚባል እንግሊዛዊ ካሁራ በምትባል ቦታ አንዲት ወጣት በቀዶ ሕክምና ስትወልድ አየ። ሐኪሙ የአገሩ ሰው ነው። ሴትየዋን በሙዝ ጠጅ አደንዝዟታል። እጁንና ሆዷን በዚያው ጠጅ አጠበ። ቆረጠ፣ ሕፃኑን አወጣ፣ የሚደማውን በጋለ ብረት ተኮሰ። ቁስሉን በሰባት ቀጫጭን የብረት ሹሎች ገጥሞ በክር አሰረ፤ ላዩ ላይ ከሥር የተሠራ መድኃኒት ቀባ። በ11ኛው ቀን ቁስሉ ድኖ ነበር። እናትም ልጅም ተረፉ።

በዚያ ዘመን አውሮፓ ውስጥ በዚህ መንገድ ከወለዱ እናቶች አብዛኞቹ ይሞቱ ነበር። ፌልኪን በ1884 በኤዲንብራ የሕክምና መጽሔት ላይ ከነሥዕሉ አወጣው። ዕለቱን የተፈለሰፈ ነገር አይደለም፤ የሐኪሙ እጅ የለመደ እንደነበር ከአገላለጹ ያስታውቃል።

ጥያቄ፦ ስለ ናይጄሪያ ሴቶች አመፅ አንድ ሁለት ነገር በሉን።

ኅዳር 1929፣ ኦሎኮ የምትባል የኢግቦ ሰፈር። እንግሊዞች የሾሙት ባላባት ቆጣሪ ላከ። ቆጣሪው ንዋንዬሩዋ የምትባል ሴት ቤት ደረሰ፤ እሷ የፓልም ዘይት እየጨመቀች ነው። ፍየልሽንና ሰውሽን ቁጠሪ አላት። ቀደም ሲል ወንዶቹ ተቆጥረው ግብር ተጥሎባቸዋል፤ ስለዚህ ነገሩ ገባት። "እናትህስ ተቆጥራለች?" አለችው። ተናነቁ።

ከዚያ የዘንባባ ቅጠል ከሴት ወደ ሴት ተላከ፤ ነይ ማለት ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሴቶች ወጡ። የኢግቦ ሴቶች "ሰው ላይ መቀመጥ" የሚሉት ቅጣት አላቸው። የበደላቸውን ሰው ደጅ ከበው ሌሊቱን ሙሉ ስድብ እየዘፈኑ ይጨፍራሉ። አሁን ባላባቱ ላይ ተቀመጡበት፤ ታሰረም። አመፁ ሲሰፋ ወታደር ተኮሰ። ከ50 በላይ ሴቶች ሞቱ። እንግሊዞች አባ በምትባለው ከተማ ስም "የአባ ረብሻ" ብለው መዘገቡት፤ ሴቶቹ "የሴቶች ጦርነት" ነው የሚሉት። እኔም የእነሱን ነው የምወስደው። አጣሪ ኮሚሽን ሲቋቋም ሴቶቹ ቀርበው ተናገሩ፤ ድምፃቸው ተጽፎ የቀረው በዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትስ?

ቲያሮዬ። ከዳካር አጠገብ ያለ ጦር ሰፈር ነው። ለፈረንሳይ ተዋግተው በጀርመን ተማርከው የነበሩ የምዕራብ አፍሪካ ወታደሮች ወደ አገራቸው ሊበተኑ ነው። ያልተከፈለንን ደመወዝ ክፈሉን አሉ። ታኅሣሥ 1 ቀን 1944 ማለዳ የፈረንሳይ ጦር ተኮሰባቸው። ፈረንሳይ 35 ሞቱ አለች። የታሪክ ሰዎች ከዚያ በጣም ይበልጣል ይላሉ። ፈረንሳይ ጭፍጨፋ ነበር ብላ በፕሬዚዳንቷ አፍ ያመነችው በ2024 ነው፤ 80 ዓመት ሙሉ።

ጥያቄ፦ ኢትዮጵያ ለሌላው አፍሪካዊ ምን ነበረች? ከዓድዋ በፊት ማለቴ ነው።

በ1892 ማንጌና ሞኮኔ የሚባል የሜቶዲስት ሰባኪ ፕሪቶሪያ ላይ ከነጮቹ ተለይቶ ቤተ ክርስቲያን መሠረተ። ስሟን "የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን" አላት። "ኢትዮጵያ እጆቿን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች" ከሚለው መዝሙር ነው። ዓድዋ ገና አራት ዓመት ይቀራታል።

ጥያቄ፦ ከእነዚህ አንዱን ብታገኙ ማንን ትመርጣላችሁ?

የቡንዮሮውን ሐኪም። ፌልኪን የሹሎቹን ቁጥር ጻፈ፣ ቀኑን ቆጠረ፣ ጠጁን ሳይቀር መዘገበ። የሰውየውን ስም ግን አልጻፈም። መጀመሪያ ስሙን እጠይቀው ነበር። ከዚያ ይህን ሥራ ማን እንዳስተማረው።